ከአልሐምዱሊላህ ወዲያ

የጋሼ እንድሪስን ሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት አብረን የጀመርን ሰዎች ግሩፕ አለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፍበት የምረቃ ፎቶና የሰርግ ጥሪ ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን የፕሮግራሙ አስተባባሪ የነበረው ሰው ከአንድ ፎቶ ሥር «ታላቁ የሥነ ልቦና ምሁር ዶክተር እንድሪስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደረደሩ። አንዱ «የሀገር ዋርካ ወደቀ» አለ። ሌላው፣ አብረን በተማርንበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ከጋሼ ጋር ሻይ ያልጠጣው፣ «አባቴን አጣሁ» አለ።

ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅሁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የእኛ ሰዎች አንገት ማርዘም ብቻ አይበቃቸውም፣ ዲግሪም ይጨምሩበታል። ጋሼ እንድሪስ ዶክተር አልነበሩም። ዶክተር ሳይሆኑ የቀሩትም ያንን ጽሑፍ በለጠፈው ሰውዬ ጠረጴዛ ፊት ነው። እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ዶክተሩ እኔ ነኝ።

ጋሼ እንድሪስ ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሠርተዋል። በነርስነት ጀምረው፣ በኋላ በምክር አገልግሎት ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ፤ ክፍሉ ግን ያው ነው፣ ወንበሩም ያው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የደሴን ብርድ አምርረው የሚጠሉ የኮምቦልቻ ሰው ነበሩ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ይመጣሉ፤ ወደ ማታ ሐረጎን ወርደው ቤታቸው ይገባሉ። «ደሴ ሥራ ቦታ እንጂ ቤት አይሆንም፤ ጭጋጉ ሆድ ውስጥ ይገባል» ሲሉ እኛ የደሴዎቹ እንናደድ ነበር።

እኔ የተቀጠርሁ ሰሞን አዲስ ዲግሪና አንድ ክላሰር ሙሉ ቅጽ ይዤ ነበር የመጣሁት። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እንዳይ ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያው ታካሚ እንቅልፍ ካጡ ወራት ያለፋቸው፣ ልጃቸው እየደገፈች ያመጣቻቸው የደሴ ዙሪያ ገበሬ ነበሩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። እንዴት ሰነበቱ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቤተሰቡስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል።»

እኔ ቅጼ ላይ «ችግር የለም፣ ችግር የለም» እያልሁ የራይት ምልክት አደርጋለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«አልሐምዱሊላህ ይገባዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ከሱ ወዲያስ?»

ከዚያ ዝም አሉ። ሽማግሌውም ዝም። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ ተነሥቼ መስኮት ልከፍት ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ሽማግሌው ተናገሩ።

«ከሱ ወዲያማ... በሬዎቹን ስጠራ ስማቸው ይጠፋኛል፣ ጌታው። በሞተው ልጄ ስም እጠራቸዋለሁ። በሬው ደሞ ይመጣል።»

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ጋሼ ቅጼን ተቀብለው አዩትና መልሰው ሰጡኝ። «ስማ ግርማ፣ አልሐምዱሊላህ ለአላህ የተሰጠ መልስ ነው። ለእኔ ገና አልመለሱልኝም ማለት ነው። የእናንተም ‹ይመስገን› ያው ነው፤ ሰዉ ለእንግዳ ሰው ብሶት ማውራት ፈጣሪን ማማረር ይመስለዋል።» መነጽራቸውን ለምን እንዳወለቁ ጠየቅኋቸው። «ይኼ ለወረቀት ነው። ሰው ሳይ አያስፈልገኝም» አሉኝ።

ለወረቀት ያላቸው ንቀት ወሰን አልነበረውም። በተለይ ለሥልጠና። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ሁላችንም ለአበሉ ስንል በተሰበሰብንበት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ «የአእምሮ ጤና የሚጀምረው ራስን ከመውደድ ነው፤ ገበሬውን ራሱን እንዲወድ አስተምሩት» እያለ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ጋሼ እጃቸውን አወጡ። «ራሱን ከወደደ በኋላ በሬውን ማን ይጥመድለት?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙ «ጥሩ አስተያየት ነው» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እንዲህ ያሉ ሰው በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ለሦስተኛ ዲግሪ ሲመዘገቡ ሆስፒታሉ ሁሉ ተሳለቀ። «ጡረታ የሚወጡት በጋዋን ሊሆን ነው» አሉ። ምክንያታቸው ግን አንዲት መስመር ነበረች። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ለየጤና ጣቢያው አዲስ ቅጽ መጣ። ጤና ባለሙያው ለምርመራ የመጣችውን ሴት «እንዴት ነዎት?» ይላታል፤ «ደህና» ካለች ቅጹ እዚያው ያልቃል፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ጋሼ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ቅጹ ላይ አንዲት መስመር እንድትጨመር ለመኑ፤ ከመጀመሪያው መልስ በኋላ ባለሙያው ዝም ይበል፣ ቆይቶ ድጋሚ ይጠይቅ የምትል።

«ጥናት አለዎት?» አላቸው ሰብሳቢው።

«ሃያ አምስት ዓመት አለኝ።»

«እሱ ልምድ ነው፣ ጋሼ። ጥናት አይደለም።»

በዚያው ሳምንት ማመልከቻ አስገቡ። እኔም ተከትያቸው ተመዘገብሁ። የእኔ ምክንያት ማዕረጉ ነበር፤ አሁን መደበቁ ምን ያደርጋል።

የተማርንበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ከእኛ ከተማ ሩቅ ነው። ከክፍላችን ተማሪዎች ሁለቱ ባለሥልጣን ነበሩ፤ በሾፌር ይመጣሉ፣ የቤት ሥራቸውን ጸሐፊያቸው ትሠራለች፣ ክፍል ውስጥ ስልካቸው ሲጮህ «ይቅርታ፣ ከበላይ ነው» ብለው ይወጣሉ። ከመካከላችን እያንዳንዱን መጽሐፍ የሚያነቡት ጋሼ ብቻ ነበሩ፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር፣ እየተንገጫገጩ። አማካሪያቸው የልጃቸው እኩያ የሆነ ጎረምሳ ነበር፤ «አባቴ» እያለ ያቆላምጣቸዋል፣ የጻፉትን ግን አያነብም። ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያው ምዕራፍ የሰጣቸው አስተያየት «የገጹ ኅዳግ ይስተካከል» የሚል ብቻ ነበር። ጋሼ ኅዳጉን አስተካከሉ።

ጉዳዩ የተበላሸው በመጠይቁ ነው። ጋሼ ጥናታቸውን በጦርነቱ ልጅና ባል ባጡ የኩታበርና የደሴ ዙሪያ ሴቶች ሐዘን ላይ ሊሠሩ ፈለጉ፤ በራሳቸው መንገድ፣ ቁጭ ብሎ በመጠየቅ። አማካሪው እሱ ሳይንስ አይደለም አለ። ከውጭ አገር የተወሰደ፣ አዲስ አበባ የተተረጎመ መጠይቅ ሰጣቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተስፋ መቁረጥ ስሜት ምን ያህል ጊዜ ተሰምቶዎታል?» ይላል።

«ተስፋ መቁረጥ እኮ በእኛ ዘንድ ኃጢአት ነው» አሉት ጋሼ። «ይኼ ጥያቄ ‹ስንት ጊዜ አላህን ከዱ?› እንደማለት ነው። የትኛዋ ሴት ‹ብዙ ጊዜ› ብላ ትመልሳለች?»

«ይሞክሩት፣ አባቴ» አላቸው።

ድካም ለመቀነስ የመስክ ሥራውን እኔና እሳቸው አንድ ላይ አደረግነው። መጠይቁ አንድ፣ ሴቶቹም እነዚያው፤ እሳቸው ስለ ሐዘን፣ እኔ ስለ ጽናት ልንጽፍ። መረጃ ሰብሳቢዎች ቀጠርን፤ በአንድ ወር ውስጥ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ መጠይቅ ተሞልቶ መጣ። ከፍተን አየነው። «በፍጹም፣ በፍጹም፣ በፍጹም።» ከላይ እስከ ታች፣ ከወረቀት ወረቀት። ልጅ የቀበሩ፣ ቤት የተቃጠለባቸው፣ ባላቸው የት እንደወደቀ የማያውቁ ሴቶች ሁሉ በወረቀቱ መሠረት ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ደህና ነበሩ።

እኔ ደስ አለኝ። መደበቁ ምን ያደርጋል ብዬ የለ። ስለ ጽናት ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ሲሳይ ከየት ይመጣል? ጋሼ ግን ከጆንያው አንድ ወረቀት መዝዘው ኪሳቸው ከተቱና «ነገ ኩታበር እንሂድ» አሉኝ።

ወረቀቱ የእማማ ዘሀራ ነበር። ቤታቸው ከመንገዱ ግማሽ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ከደጃፋቸው የቀይ ሽንኩርት መደብ እያረሙ አገኘናቸው፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አስገቡን። ጋሼ ቤት ውስጥ ካለው የጭቃ መደብ ላይ ጎናቸው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዴት ከረሙ፣ እማማ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«አልሐምዱሊላህ ይገባዋል። ከሱ ወዲያስ?»

እንደፈራሁት ዝምታው መጣ። ውጭ የሰው ጥጃ ሽንኩርቱ ውስጥ ሲገባ ይሰማል፤ ማንም አልተነሣም።

«ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አሉ እማማ ዘሀራ። «እራት ሳቀርብ እስካሁን ሦስት ቦታ እቆርሳለሁ። እኔ የኔን እበላለሁ። የእነሱን ጠዋት ለውሻ እሰጣለሁ። ውሻው ደህና ወፈረ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጋሼ መጠይቁን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩአቸው። «ይኼን የሞላ ልጅ ይኼን አልነገሩትም?»

«መች ጠየቀኝ! ተስፋ ቆርጠሻል ወይ አለኝ። አስተግፊሩላህ! ምን በደልሁት?»

ወደ መኪናው መንገድ ተመለስን። ጋሼ «ጆንያውን አቃጥለን እንደገና እንጀምር» አሉኝ። እኔ የማሟያ ጽሑፌን ሦስት ምዕራፍ ጨርሼ ነበር። «እናስብበት» አልሁ። ላለማሰብ የወሰነ ሰው እንዲህ ነው የሚለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አስተባባሪው ጠራን። ዛሬ «ታላቁ ምሁር» ብሎ የሚያለቅሰው ይኸው ሰው ማለት ነው። አማካሪውም አለ፤ ስልኩን ይነካካል።

«መረጃው ተሰብስቦ የለም እንዴ? ምን ጎደለው?» አለ አስተባባሪው።

«ሁሉም ነገር አለው» አሉ ጋሼ። «ሴቶቹ ብቻ የሉበትም።»

«መጠይቁ በዓለም ላይ የተፈተነ ነው እኮ!»

«ዓለም ኩታበር አልመጣማ።»

አስተባባሪው ትዕግሥቱ አለቀ። የተሰጣቸው ጊዜ ሊያበቃ መሆኑን፣ እንደገና መጀመር እንደማይቻል ነገራቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወዳጅ ለመምሰል ሞከረ። «ያለዎትን ያስገቡና ዲግሪውን ይያዙ። እውነቱን ከፈለጉ በኋላ ይጽፉታል፤ ማን ይከለክልዎታል?» ወደ እኔ ዞረ። «አቶ ግርማ፣ የእርስዎም መረጃ ከዚሁ ነው። ችግር አይተውበታል?»

እማማ ዘሀራን ካየሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። የውሻው ነገር ጆሮዬ ላይ አለ። የመመረቂያ ቀኔም ተቆርጧል።

«ችግር የለበትም» አልሁ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። አስተባባሪውን አላዩም፤ ያዩት እኔን ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «እነዚህ ሴቶች አላህን አመሰገኑ። እኔ ምስጋናቸውን ወስጄ፣ ታመው ሳሉ ደህና ናቸው ብዬ አልፈርምም።» ተነሥተው ወጡ። ሦስተኛ ዲግሪያቸው በዚያ በር ወጣ፤ ቅጹ ላይ ልትጨመር የነበረችውም መስመር አብራ ወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡሱ አንድ ወንበር ላይ ነበርን። ቀኑን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር አወሩኝ፤ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት፣ ስለ ጓሮ ማንጎአቸው። የቦርከናን ወንዝ ድልድይ ስናልፍ፣ ሊወርዱ ሲሉ፣ «ደህና ነህ ግርማ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን። ከሱ ወዲያስ?»

በመስኮቱ ወንዙን አየሁ። ረዳቱ «ወራጅ!» እያለ ጮኸ፤ ጋሼም ትንሽ ጠበቁኝና ወረዱ።

እኔ ተመረቅሁ። ፈታኞቹ አደነቁኝ፤ አንዱማ ስለ ወሎ ሴት ብርታት እንባ እየተናነቀው ንግግር አደረገ። ሰባት መቶ ጊዜ «ጽናት» የሚል ቃል ያለበት መጽሐፍ ጠርዘው ሰጡኝ። ሹመትም መጣ፤ ያንን ቅጽ በሚያጸድቀው ኮሚቴ ውስጥ ዛሬ ተቀምጬ የምፈርመው እኔ ነኝ። መስመሯን ለመጨመር አንድ እጅ ማውጣት ይበቃኛል። እጄን ባወጣ ግን «በእርስዎ ጥናት መሠረት ሴቶቹ ደህና አይደሉም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ስለዚህ በየስብሰባው እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሻዬን እጠጣለሁ።

ጋሼ በዚያችው ክፍል መሥራታቸውን ቀጠሉ። «ዶክተር» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ ቢሳለቁብኝ እንዴት በተሻለኝ፣ እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር። ባለፈው ክረምት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል።

«እንዴት ነዎት፣ ጋሼ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዶክተር።»

«እሰይ!» ብያቸው አለፍሁ። ስብሰባ ነበረብኝ። የሥነ ልቦና ዶክተር ነኝ፤ አስተማሪዬም እሳቸው ነበሩ፤ ሁለተኛዋን ጥያቄ ግን አልጠየቅሁም። በሽታቸው ለካ የጉበት ኖሯል። ወር ሳይሞላ ያ ጽሑፍ በቴሌግራም መጣ።

ለለቅሶ ኮምቦልቻ ወረድሁ። አስተባባሪው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ትልቅ፣ ፍሬም የገባ ፎቶ ይዞ፣ ከሥሩ በወርቅ ቀለም «ዶክተር እንድሪስ» የሚል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንግዳ ላለማሳፈር በአክብሮት ተቀበሉት፤ እሱ ዞር ሲል ግን፣ በእነሱ ለቅሶ ፎቶ አይቆምምና፣ ፎቶውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከጓሮ አስቀመጡት። ጋሼ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ጋሼም ቢያዩት ይስቁ ነበር።

ከድንኳኑ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። እማማ ዘሀራ ናቸው። ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ፣ በሁለት መኪና፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር መጥተዋል። አወቁኝ። አጠገባቸው እንድቀመጥ አግዳሚውን መታ መታ አደረጉልኝ።

«አብሽር፣ ልጄ። ሶብር አድርግ። ወዳጅህ ነበር» አሉኝ። ጋሼ ዲግሪውን ከተዉ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ኩታበር እየሄዱ ከሴቶቹ ጋር ይቀመጡ እንደነበር የሰማሁት ከእማማ ዘሀራ ነው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልጻፈውም። «ወላሂ፣ እሱ ሳይመጣ ሲቀር እንኳ እርስ በርስ እንጠያየቃለን አሁን» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ፊቴን አዩት። «አንተስ እንዴት ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ።»

«ይመስገን» አሉ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «ከሱ ወዲያስ?»

ያ ዝምታ እንደገና መጣ። ከድንኳኑ የዱዓው ድምፅ ይሰማል፤ አስተባባሪው መኪናውን ያስነሣል። የምሄድበት ስብሰባ አልነበረኝም፤ የማየውም ወንዝ አልነበረም።

«ስለ እርስዎ ውሸት ጽፌአለሁ» አልኋቸው። «ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም ብዬ ጻፍሁ። በሱ ነው ዶክተር የተባልሁት። ጋሼ እንቢ ያሉትን እኔ ፈረምሁ።»

እማማ ዘሀራ አልተቆጡም፤ አልገረማቸውምም። ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ» አሉኝ። «ለሚያነቡት ንገራቸው።»